የጥቅስ ብዛትና የሥራ ክብደት
ማክስ ፔሩትስ በሄሞግሎቢን ላይ ካደረገው ምርምር የምንማረው

በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የአንድ ምሁር ስም በተነሣ ቁጥር «ስንት ጽሑፍ አሳትሟል? ጽሑፎቹስ ስንት ጊዜ ተጠቅሰዋል?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ሆኗል። በብዙ አገር ሹመትና የደረጃ ዕድገት፣ የምርምር ገንዘብም ጭምር፣ በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እኛም ተማሪዎች ብንሆን ከዚህ ነገር ውጭ አይደለንም። የመመረቂያ ጽሑፍ ስናዘጋጅ ሌሎችን እንጠቅሳለን፤ ነገ ደግሞ ተራው የእኛ ሆኖ የምንቆጠርበት ቀን ይመጣል። ስለዚህ ቁጥሩ ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ ከወዲሁ ለይቶ ማወቅ ይጠቅመናል በማለት ይህን ጽሑፍ ለጓደኞቻችን አቅርበናል።

ነገሩን በጥቅሉ ብናወራው ክርክር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር አንድ እውነተኛ ምሳሌ መርጠናል። ምሳሌያችን ማክስ ፔሩትስ ነው። ይህ ሰው ስትራክቸራል ባዮሎጂ የሚባለውን ትምህርት፣ ይኸውም በሕያው ነገር ውስጥ ያሉትን ሞለኪውሎች ቅርጽና ቅርጹ ከሥራቸው ጋራ ያለውን ግንኙነት የሚመረምረውን ትምህርት፣ ካቋቋሙት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ሰውዬውና ጥያቄው

ማክስ ፔሩትስ በ1914 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ተወለደ። ወላጆቹ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤቶች ወገን ስለነበሩ ልጃቸው ሕግ ተምሮ የቤተሰቡን ንግድ እንዲመራ ይመኙ ነበር። እርሱ ግን ኬሚስትሪን መረጠ። በ1936 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ በካቬንዲሽ ላቦራቶሪ፣ በጆን ዴዝሞንድ በርናል ሥር ተመራማሪ ተማሪ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት በ1937 ወደ ፕራግ ሄዶ በጋብቻ ዘመዱ የሆነውን ፌሊክስ ሃውሮቪትስ የተባለውን ኬሚስት ስለ ምርምሩ ቢያማክረው ሄሞግሎቢንን እንዲመረምር መከረው።

ሄሞግሎቢን ደማችንን ቀይ የሚያደርገው፣ ከሳንባ ኦክሲጅን ተቀብሎ ለመላው አካል የሚያደርሰው ፕሮቲን ነው። ሥራው ይህን ያህል የታወቀ ሲሆን ቅርጹ ግን አይታወቅም ነበር። በዚያን ጊዜ በኤክስሬይ አማካይነት ቅርጻቸው የተፈታላቸው ሞለኪውሎች ከመቶ የማይበልጡ አቶሞች የነበሯቸው ናቸው። የሄሞግሎቢን አቶሞች ግን ወደ 10,000 ይጠጋሉ። እንግዲህ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ይህን ጥያቄ ሲያነሣ ብዙዎቹ ታላላቆቹ ከንቱ ድካም አድርገው ቢቆጥሩበት አያስደንቅም።

ችግሩም የትምህርት ብቻ አልነበረም። በመጋቢት 1938 የሂትለር ጦር ኦስትሪያን በያዘ ጊዜ የቤተሰቡ ሀብት ጠፋ፤ የአይሁድ ዘር የነበሩት ወላጆቹም ስደተኞች ሆኑ። ፔሩትስ ከቤቱ የሚላክለት ገንዘብ ሲቋረጥበት ያዳነው የካቬንዲሽ አዲሱ ኃላፊ ሎረንስ ብራግ ነው። ብራግ የሄሞግሎቢንን የኤክስሬይ ፎቶግራፎች ከተመለከተ በኋላ ከሮክፌለር ድርጅት የምርምር ገንዘብ ለመነለትና ከ1939 መጀመሪያ አንሥቶ ደመወዝ አገኘ። በ1940 ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት የጠላት አገር ተወላጅ ነው በማለት አስሮ ወደ ካናዳ ላከው። ወደ ካምብሪጅ የተመለሰው በ1941 ነው።

፪. በፊልም ላይ የማይገኘው ግማሽ

የፔሩትስን ድካም ለመገመት የሥራውን ችግር በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ በአቶሞቹ እየተበተነ በፊልም ላይ ብዙ ነጥቦችን ያሳርፋል። የእያንዳንዱ ነጥብ ድምቀት ሊለካ ይችላል። ነገር ግን የሞለኪውሉን ቅርጽ መልሶ ለማግኘት ድምቀቱ ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ሞገድ ከሌሎቹ ምን ያህል ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንደ ደረሰም መታወቅ አለበት። ይህን ሁለተኛውን ነገር ፊልሙ አይመዘግብም።

በምሳሌ ብናስረዳው፣ በማኅሌት ላይ የቆሙትን መዘምራን የእያንዳንዳቸውን የድምፅ ኃይል ጽፎ፣ ማን መቼ እንደ ጀመረ ግን ሳይጽፍ የወጣ ሰው እንደ ማለት ነው። ከእንዲህ ያለው መዝገብ ዜማውን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ፔሩትስም አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በእጁ የነበረው ይህን የመሰለ መዝገብ ነበር።

በነዚህ ዓመታት ውስጥ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ክሪስታል አበቀለ፣ ብዙ ፎቶግራፍ አነሣ፣ ነጥቦቹን በዓይኑ እየገመተ ለካ፣ ጽሑፎችም አሳተመ። ከጽሑፎቹ አንዳንዶቹ ስሕተት ነበሩ። በ1949 ሞለኪውሉ እንደ ክብ የባርኔጣ ሣጥን ሆኖ በውስጡ ትይዩ ዘንጎች የተደረደሩበት ነው የሚል አሳብ አቀረበ። በ1951 የራሱ ተማሪ የነበረው ፍራንሲስ ክሪክ በጓደኞቻቸው ፊት ቆሞ ይህ አሳብ ትክክል ሊሆን እንደማይችል በሒሳብ አሳየ። ፔሩትስ ተማሪውን አላባረረውም፤ ትችቱን ተቀበለ።

በዚያው ዓመት ሌላ ሽንፈት ደረሰ። ብራግ፣ ፔሩትስና ጆን ኬንድሩ በ1950 ሦስት ሆነው የፕሮቲን ሰንሰለት እንዴት እንደሚጠመዘዝ የሚገልጽ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። አሜሪካዊው ላይነስ ፖውሊንግ ግን በ1951 አልፋ ሄሊክስ የተባለውን ትክክለኛውን ጥምዝ አሳተመ። ፔሩትስ ጽሑፉን ባነበበበት ቀን ወደ ላቦራቶሪው ሄዶ አንድ ነገር ፈተነ። የፖውሊንግ አሳብ እውነት ከሆነ በፊልሙ ላይ ለ1.5 አንግስትሮም ርቀት ምልክት የሚሆን ነጥብ መታየት አለበት፤ አንግስትሮም የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ እጅ ነው። የፈረስ ጭራ ፀጉር ወስዶ ፎቶግራፍ ቢያነሣ ነጥቡን አገኘው። እንግዲህ የተቀናቃኙን እውነተኛነት ያረጋገጠው የተሸነፈው ሰው ራሱ ነው።

፫. ከሃርቫርድ የመጣው ጽሑፍ

በ1953 በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ኦስተን ሪግስ የተባለ ተመራማሪ የጽሑፎቹን ቅጂ ለፔሩትስ ላከለት። የሪግስ ጥያቄ ፈጽሞ ሌላ ነበር። ሲክል ሴል በሚባለው፣ ቀዩ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ በሚታጠፍበት በሽታ የተያዙ ሰዎች ሄሞግሎቢን ከጤነኞቹ በምን እንደሚለይ ይመረምር ነበር። በምርመራውም መካከል ሜርኩሪ ያለበትን ውሕድ ከሄሞግሎቢን ጋራ ሲያያይዘው ፕሮቲኑ ኦክሲጅን የመያዝ ችሎታውን እንዳላጣ ጻፈ።

ይህ ለሌላው አንባቢ ከብዙ ዝርዝሮች አንዱ ነበር። ለፔሩትስ ግን ለረጅም ዘመን የተዘጋው በር ቁልፍ ሆነ። ሜርኩሪ 80 ኤሌክትሮን ያለው ከባድ አቶም ነው። ፕሮቲኑ ሜርኩሪ ተለጥፎበት ሥራው ካልተበላሸ ቅርጹም አልተበላሸም ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ሜርኩሪ ባለበትና በሌለበት ክሪስታል ፎቶግራፎች መካከል የሚታየው የነጥቦች ድምቀት ልዩነት ከሜርኩሪው ብቻ የመጣ ይሆናል። የሜርኩሪው ቦታ ከታወቀ ደግሞ የሌሎቹ ሞገዶች መቅደምና መዘግየት ከእርሱ ጋራ እየተነጻጸረ ይገኛል። ቀደም ብሎ ክሪክም የሚያዋጣው መንገድ ይህ ብቻ መሆኑን ተናግሮ ነበር። ቨርነን ኢንግራም የተባለው የሥራ ጓደኛው ሜርኩሪውን ከሄሞግሎቢን ጋራ አያያዘ፤ ፔሩትስም ፊልሙን አጥቦ ሲመለከት የነጥቦቹ ድምቀት ተለዋውጦ አገኘው። ውጤቱ በ1954 ታተመ።

ይህም ሆኖ መንገዱ ገና አላለቀም ነበር። ሌሎች ከባድ አቶሞችን በሌላ በሌላ ቦታ ማያያዝ፣ ብዙ ሺህ ነጥቦችን መለካት፣ ስሌቱንም በዚያን ጊዜ አዲስ በነበረው በኤሌክትሮኒክ የሒሳብ መኪና ማካሄድ አስፈለገ። ኬንድሩ በዚሁ ዘዴ ከሄሞግሎቢን አራት እጅ ያህል የሚያንሰውን ማዮግሎቢንን ቀድሞ ፈታና በ1958 አሳተመ። ፔሩትስና ባልደረቦቹ የሄሞግሎቢንን ቅርጽ በ5.5 አንግስትሮም ጥራት ያዩት በ1959 ነው፤ ጽሑፉም በ1960 ወጣ። ሥራው ከተጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ይህ ነው።

ያዩትም አራት ሰንሰለቶች ተቃቅፈው፣ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ብረት ያለበት አንድ አንድ ሄም ተቀምጦ ነበር። ፔሩትስና ኬንድሩ በ1962 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ፔሩትስ ግን ሽልማቱን ተቀብሎ አልተቀመጠም። አራቱ ሄሞች እርስ በርስ ተራርቀው ሳሉ አንዱ ኦክሲጅን ሲይዝ ለሌሎቹ መያዝ እንዴት እንደሚቀልላቸው ለማስረዳት ቀጠለ፤ ማብራሪያውንም በ1970 አሳተመ። በ2002 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ከምርምር አልተለየም።

፬. የጥቅስ ቆጠራ አጀማመር

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ጥቅስን የመመዝገብ አሳብ የመጣው ከሕግ ባለሙያዎች ነው። በአሜሪካ አገር ጠበቆች አንድ የቆየ ፍርድ እስካሁን የጸና ወይም በኋላ የተሻረ መሆኑን የሚያዩበት መዝገብ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ነበራቸው። ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ለሳይንስም ይኸው መዝገብ እንዲዘጋጅ አሳብ አቀረበ። ዓላማው ምሁራንን ለመመዘን አልነበረም። አንድ ጽሑፍ ካነበብን በኋላ ማን እንደ ተቸው፣ ማን እንዳረመው፣ ማንስ ወደ ፊት እንደ ወሰደው ፈልገን እንድናገኝና ያረጀና የተሳሳተ ነገር ይዘን እንዳንቀር ነበር። መዝገቡ በ1964 መውጣት ጀመረ።

በኋላ ግን ለመፈለጊያ የተሠራው መዝገብ መመዘኛም ሆነ። የመጽሔት ሚዛን የሆነው ኢምፓክት ፋክተር የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ መጽሔት ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት የተጠቀሱበት ብዛት ለጽሑፎቹ ቁጥር ይካፈላል። የሰው ሚዛን የሆነውን ኤች ኢንዴክስ ደግሞ በ2005 ጆርጅ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ አቀረበው። አንድ ምሁር 40፣ 12፣ 6፣ 4 እና 1 ጊዜ የተጠቀሱ አምስት ጽሑፎች አሉት እንበል። ቢያንስ አራት አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ጽሑፎች ስላሉት የዚህ ሰው ኤች 4 ነው። ሌላው ምሁር አንድ ጽሑፍ ብቻ ጽፎ 3,000 ጊዜ ቢጠቀስለት ኤቹ 1 ይሆናል። አንባቢ ሒሳቡን ራሱ ሠርቶ ይመልከት።

፭. ቁጥሩ የማይናገረው

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ብዙ ጊዜ የተጠቀሰ ጽሑፍ ብዙ ሰው እጅ መግባቱን ያስረዳል። ችግሩ ሰዎች ለምን እንደ ጠቀሱት አለመናገሩ ነው።

በ2014 ኔቸር የተባለው መጽሔት ባወጣው ዝርዝር በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ የተጠቀሰው ጽሑፍ ኦሊቨር ሎሪና ጓደኞቹ በ1951 ያሳተሙት ነው፤ ከ305,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ጽሑፉ የሚያስተምረው በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን የፕሮቲን መጠን እንዴት መለካት እንደሚቻል ነው። ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ሎሪ ራሱ ታላቅ ሥራ አድርጎ አልቆጠረውም። ብዙ ሰው የሚያበስልበት ድስት ብዙ ጊዜ ስሙ ይነሣል፤ ይህ ማለት ግን ድስቱ ከወጡ ይበልጣል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚሁ ከክሪስታል ምርምር የተገኘ ነው። ጀርመን አገር በጎቲንገን ይሠራ የነበረው ጆርጅ ሼልድሪክ በ2008 ሼልክስ ስለተባሉት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞቹ ታሪክ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ በፕሮግራሞቹ የሚሠራ ሰውም ይህን ጽሑፍ ሊጠቅስ እንደሚችል አመለከተ። በዓለም ላይ ያሉ የክሪስታል መርማሪዎች ይጠቀሙበት ስለነበር ጥቅሱ እንደ ጎርፍ ወረደ። ጽሑፉ የወጣበት አክታ ክሪስታሎግራፊካ ኤ የተባለው መጽሔት ኢምፓክት ፋክተሩ በ2008 ከነበረበት 2 ገደማ በ2009 ወደ 49.9 ዘለለ። በዚያው መጽሔት ላይ የታተሙት የሌሎቹ ሰዎች ጽሑፎች ግን በአንድ ሌሊት ሃያ አምስት እጥፍ አልተሻሻሉም።

ሦስተኛ፣ ለመንቀፍ የተጠቀሰና ለማመስገን የተጠቀሰ በቆጠራው እኩል ነው። አራተኛ፣ እጅግ የታወቀ ነገር መጠቀሱ ይቀራል። ዛሬ ሄሞግሎቢን አራት ሰንሰለት አለው ብሎ የሚጽፍ ሰው የፔሩትስን ስም አያነሣም፤ የሁሉም ዕውቀት ሆኗልና። ይህንንም ነገር ሮበርት መርተን የተባለው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ አስተውሎ ጽፎበታል። በቅርቡም በ2021 የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒዩተር ዘዴ ታትሞ ለሠሪዎቹ በ2024 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ይህ ዘዴ የተማረው በ1971 ከተቋቋመው የፕሮቲን ቅርጾች መዝገብ ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ በብዙ ሰዎች ድካም የተፈቱ ከመቶ ሺህ በላይ ቅርጾች ነበሩ። የእነዚያ ሁሉ ሰዎች ስም አንድ በአንድ ሊጠቀስ አይችልም፤ ሥራቸው ግን በውስጡ አለ።

አምስተኛ፣ ጭራሹን የማይቆጠር ሥራ አለ። ፔሩትስ በ1962 በካምብሪጅ የተከፈተውን የሞለኪውል ባዮሎጂ ላቦራቶሪ እስከ 1979 መርቷል። ሚስቱ ጊዜላ በዚያ ቤት የሠራተኞችን ሻይ ቤት አቋቁማ ብዙ ዓመት አስተዳደረች፤ ታላቁም ታናሹም ተመራማሪ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ እንዲነጋገር ያደረገው ይህ ቤት ነው። በየትኛውም የጥቅስ መዝገብ ውስጥ ሻይ ቤት አልተጻፈም።

፮. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

እስቲ ራሳችንን በ1952 የፔሩትስ መርማሪዎች አድርገን እንቁጠር። በፊታችን የቆመው ሰው አሥራ አምስት ዓመት በአንድ ሞለኪውል ላይ ደክሞ ቅርጹን ያላገኘ፣ ሁለት ዋና ዋና አሳቦቹም የተሻሩበት ሰው ነው። የሁለት ዓመት ሚዛን ብንይዝ ምን እንፈርድበት ነበር? ያቆየው ብራግና በ1947 የምርምር ክፍል የከፈተለት የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ነው። እነርሱም ያዩት የጥያቄውን ትልቅነትና የሰውዬውን አያያዝ ነበር። በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተሰበሰቡ ምሁራንም የመጽሔት ኢምፓክት ፋክተር የአንድን ሰው ሥራ መመዘኛ እንዳይሆን ያሳሰቡት ይህን የመሰለውን ፍርድ ሠግተው ነው።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በመርማሪዎች ላይ ጥለን እኛ ነጻ ልንወጣ አንችልም። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ጽሑፍ በምናዘጋጅበት ጊዜ ያላነበብነውን ሥራ ከሌላ ሰው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ገልብጠን እንደ ራሳችን ንባብ አድርገን የጻፍንበት ጊዜ አለ። ዝርዝሩ ረዝሞ እንዲታይ ስንል ያደረግነው ነው። እንዲህ ያለ ጥቅስ ሁለት ሰው ይበድላል። ያልተነበበውን ደራሲ እንደ ተነበበ ያስመስላል፤ እኛንም ከንባቡ ያስቀረናል። ፔሩትስ የሪግስን ጽሑፍ በርዕሱ ብቻ አይቶ ቢጠቅሰው ኖሮ ለሪግስ አንድ ጥቅስ ይቆጠርለት ነበር፤ የሄሞግሎቢን በር ግን ተዘግቶ በቀረ። በመዝገቡ ላይ ሁለቱ ጥቅሶች አንድ ናቸው። በሥራው ላይ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። የጥቅስን መዝገብ ጋርፊልድ ለመጀመሪያ ጊዜ ላሰበው ጉዳይ እንገልገልበት፤ ይኸውም ያነበብነውን ነገር ማን እንዳረመውና ማን እንደ ገፋበት ለመፈለግ ይሁነን። ሳናነብ አንጥቀስ። የመመራመሪያ ጥያቄ ስንመርጥም ቶሎ ስለሚያልቅ ብቻ አንምረጠው። የአስተማሪም ሆነ የጓደኛ ሥራ ምን ያህል እንደሚመዝን ስንጠየቅ፣ ቁጥሩን ከመናገራችን በፊት ከጽሑፎቹ አንዱን አንብበን እንገኝ።

ለውይይት እንዲሆኑ ሦስት ጥያቄዎች አክለናል።

1ኛ/ ኤች ኢንዴክሳቸው እኩል የሆነ ሁለት ምሁራን ሥራቸው በምን በምን ሊለያይ ይችላል?

2ኛ/ በተሳሳተ ጽሑፍ ላይ የሚደርሰው ጥቅስ መቀነስ አለበት ወይስ መቆጠር አለበት? ምክንያቱስ ምንድን ነው?

3ኛ/ እያንዳንዳችን በመጨረሻ ባቀረብነው ጽሑፍ ውስጥ ከጠቀስናቸው ሥራዎች ከዳር እስከ ዳር ያነበብናቸው ስንት ናቸው?

ሦስተኛውን ጥያቄ እኛም ገና አልመለስነውም።